ዝም በዪው የተባልሽው ጩኸቱን ነው፤ ጥርሱን አይደለም

ጥያቄ፦

ወንድ ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሲናደድ ይማታል፣ ይናከሳል፣ እጁ የገባውን ሁሉ ይወረውራል። ከአምስት ሳምንት በፊት የወላጅና የልጅ ቴራፒ ጀመርን። እኔና እሱ ክፍል ውስጥ እንጫወታለን። ቴራፒስቷ ከመስታወት ጀርባ ሆና በጆሮ ማዳመጫ ትመራኛለች። ቤትም በየቀኑ አምስት ደቂቃ እሱ በመረጠው ጨዋታ እንድንጫወት ታዘናል። «ጥሩ ሲሆን አመስግኚው፣ ሲያስቸግር ዝም በዪው» ተብያለሁ።

እኔም ዝም አልኩት። ባለፈው ማክሰኞ የእንጨት ብሎክ ወርውሮ ቅንድቤን መታኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የአሥር ወር እህቱ እየዳኸች መጥታ የሠራውን ማማ ነካችበት። እጇን ነከሳት። ያኔ አልቻልኩም፤ ጮህኩ፣ መታሁትም። ባለቤቴ «ይሄ ጨዋታ ልጁን እያባለገው ነው፣ የቅጣቱ ክፍል ቶሎ ይጀመር» ይላል። እናቴ «አንዴ ብታቀምሺው ኖሮ ድሮ ይተው ነበር» ትለኛለች።

አንድ የምናዘዘው ነገርም አለ። በየሳምንቱ የምሞላው የባሕርይ መጠይቅ ላይ ቁጥሮቹን ዝቅ አድርጌ ነው የማከብበው። አፍሬ ነው። ቴራፒውን ልተወው?

ግራ የገባት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ቅንድብሽ እንዴት ሆነ? የትንሿስ እጅ? ንክሻው ቆዳዋን ቀዶት ከነበረ ሐኪም ይየው። የሰው ጥርስ የነከሰው ቁስል በቀላሉ ያመረቅዛል።

ቴራፒውን አትተዪው። ግን አንድ ነገር ላይ ከቴራፒስትሽ ጋር በደንብ ሳትግባቡ የቀራችሁ ይመስለኛል። ጥፋቱን ያንቺ ብቻ አላደርገውም። «ዝም በዪው» አጭር ቃል ናት፣ የት ላይ እንደምታቆም ግን አትናገርም። አንቺ ታዛዥ ተማሪ ሆነሽ እስከ ደም ድረስ ወሰድሻት።

ዝም የሚባለው የሚያበሳጭ ነገር ነው። መነጫነጭ፣ የውሸት ለቅሶ፣ ምላስ ማውጣት፣ «አልወድሽም» ማለት፣ መኪናውን ወለል ላይ እያንኳኩ ጆሮ ማደንቆር። እነዚህ ነርቭ ይነካሉ እንጂ ማንንም አያቆስሉም። መምታት፣ መንከስ፣ ሰው ላይ መወርወር፣ ዕቃ መስበር፣ መስኮት ላይ መውጣት ግን ሌላ መዝገብ ነው። እዚያ ላይ ዝም አይባልም። ጨዋታው ይቆማል።

የነገርሽኝ መስታወቱ፣ ማዳመጫው፣ አምስት ደቂቃው በአጭሩ ፒሲአይቲ (የወላጅና የልጅ መስተጋብር ቴራፒ) የሚባለውን ሕክምና ይመስላል። እኔም እንደዚያ ቆጥሬው ነው የምመልስልሽ። ሺላ አይበርግ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የቀመረችው ነው። ከሷ በፊት ኮንስታንስ ሃንፍ የጀመረችው ባለ ሁለት ደረጃ አሠራር መሠረት ሆኗታል። በዋናነት ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ይመራል፣ ወላጅ ይከተላል። በሁለተኛው ወላጅ ያዛል፣ ልጁ መታዘዝን ይማራል። እናንተ ያላችሁት የመጀመሪያው ላይ ነው።

ዝም ማለት ለምን እንደሚሠራ ከገባሽ የት እንደማይሠራም ይገባሻል። ሕፃን ልጅ ከምንም በላይ የሚፈልገው የእናቱን ፊት ነው። የተቆጣ ፊት እንኳን ከማያየው ፊት ይሻለዋል። ስለዚህ ሲነጫነጭ ፊትሽን ስታዞሪበት፣ ሲረጋጋ ደግሞ ወዲያው ስትመልሺለት፣ ንጭንጩ ገበያ ያጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

አንዳንድ ጥፋት ግን የሚሸለመው ባንቺ ፊት አይደለም፤ በራሱ ነው። የኔ ልጅ ሦስት ዓመቷ ሳለ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ እየገፋች የመጣል ሱስ ይዟት ነበር። የሆነ ቦታ «ችላ በይው» የሚል አንብቤ ኖሮ ችላ አልኳት። ሁለተኛውን ሰበረች። ሦስተኛውን ሰበረች። አራተኛው ላይ ነቃሁ፤ ለካ እኔ ከጨዋታው ውስጥም የለሁበትም። የፈለገችው «ኳ!» የሚለውን ድምፅ ነው። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ኮንሰርቱ በነፃ ይቀጥላል።

ያንቺም ልጅ እህቱን ሲነክሳት ያገኘው ነገር አለ። ማማው ዳነለት፣ እጇም ተነሳለት። አንቺ ብታይውም ባታይውም ንክሻው ሥራውን ሠርቷል። እንዲህ ያለውን በዝምታ ማጥፋት አይቻልም። ደግሞስ ቅንድቡ የደማ ሰው ፊቱን እንደ ሐውልት አድርጎ ሊቀመጥ ነው? ልጁ ያይሻል። አፍሽ ዝም ብሎ ዓይንሽ እንባ ሲያቀር «ሠራሁላት» ነው የሚለው።

እንግዲህ ብሎኩ ሲወረወር ምን ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ እጅሽ ይሥራ፣ አፍሽ ቆይቶ። ሁለተኛው ብሎክ እጁ ላይ ካለ ውሰጂበት። ከአጠገቡ ትንሽ ራቂ። ከዚያ በተራ ድምፅ እንዲህ በይው፦ «የጨዋታ ሰዓታችን አሁን ቆሟል፤ ስለመታኸኝ ነው። መምታት ያሳምማል። ነገ ደግሞ በደንብ እንጫወት ይሆናል።» በቃ። ሌላ ቃል የለም። «ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ» የለም። «እየው እማዬን ምን እንዳደረግካት» የለም። «ለምን መታኸኝ?» ደግሞ በፍጹም። ለዚህ ጥያቄ የአራት ዓመት ልጅ መልስ የለውም፤ እኔና አንቺም ብዙ ጊዜ የለንም። ምክር የምታበዢ ከሆነ ለብሎክ ውርወራው የአሥር ደቂቃ ሙሉ ትኩረት ሰጠሽው ማለት ነው።

አሻንጉሊቶቹን ሰብስቢና ሳጥናቸው ውስጥ ክተቺ። ይጮሃል። ወለል ላይ ይንፈራፈራል። ያ ጩኸት እንግዲህ ዝም የሚባለው ነው! አየሽ፣ ሁለቱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ውርወራው ጨዋታውን ያስቆማል፣ ከዚያ የሚመጣው ለቅሶ ደግሞ ችላ ይባላል። ዝም ማለት ግን ዓይን መጨፈን አይደለም። ለሚወረውር ልጅ ሙሉ ጀርባሽን አትስጪ። ጎንሽን ስጪው፣ በዓይንሽ ጥግ እየተከታተልሽ ሌላ ነገር የምትሠሪ ምሰዪ።

ይህ የቤቱ ነው። ቴራፒ ክፍል ውስጥ ስትሆኚ ግን ቴራፒስትሽ በጆሮሽ የምትልሽን አድርጊ። እዚያ ጊዜውም ቦታውም የተለየ ስለሆነ፣ ልጁ ሲረጋጋ ጨዋታው እንዲቀጥል ልታደርግ ትችላለች።

አሁን ብዙ ወላጅ የሚስትባትን ልንገርሽ። ጨዋታው ዛሬ ቆመ እንጂ ነገ አልተሰረዘም። በማግስቱ በሰዓቱ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሳጥኑን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። «ትናንት መጥፎ ስለነበርክ ዛሬ ጨዋታ የለም» አትበዪ። ይህ አምስት ደቂቃ ደመወዝ አይደለም፤ እንደ መድኃኒት ነው። የባሰበት ቀን ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ስለ ሳጥኑ ካነሳን፣ ውስጡን እንፈትሸው። የእንጨት ብሎክ ለማንም ልጅ ጥሩ ነው፤ ለሚወረውር ልጅ ግን ለጊዜው ይደበቅ። ኳስ፣ መዶሻ፣ የአሻንጉሊት ሽጉጥና ሰይፍ፣ መቀስ፣ የሚፈስ ቀለም፣ እየተደባደቡ የሚያሸንፉ ጀግኖች ምስል ይውጡ። እነዚህ ራሳቸው «ወርውረኝ፣ ምታኝ» ይላሉ። አሸናፊና ተሸናፊ ያለበት ጨዋታም ይቅር። ወረቀትና ክሬዮን፣ ትልልቅና ቀለል ያሉ ሌጎዎች፣ ትንንሽ የእንስሳት ምስሎች ይበቃሉ። ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ አቅርቢ። ሃያ ዓይነት ዕቃ ፊቱ ተዘርግፎ የማይበጠበጥ ልጅ ካለ አሳዪኝ።

ሕፃኗ ደግሞ በዚያ አምስት ደቂቃ እዚያ ክፍል አትገኝ። አባቷ ይያዛት፣ ወይም ተኝታ ሳለ ተጫወቱ። ማማ በሚሠራ የአራት ዓመት ልጅና በምትድህ ሕፃን መካከል ሰላም ማስፈን ላንቺም ለሱም ከባድ ፈተና ነው። ባለቤትሽ ከሕክምናው ጎን ሊቆም ከፈለገ ይኸው ሥራ። በሌላ ሰዓት ከነከሳት ደግሞ መጀመሪያ የምታነሺው የተጎዳችውን ነው። እሷን አቅፈሽ፣ ለሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «መንከስ የለም፤ ያሳምማል።» የነከሰው ልጅ ከተነከሰችው የበለጠ ትኩረት የሚያገኝበት ቤት ነገም ንክሻ ይኖርበታል።

እስካሁን ያወራሁት ሲያጠፋ ስለሚደረገው ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው። ልጅሽ አንድ ብሎክ ከመወርወሩ በፊት ምናልባት ሃያውን ቀስ አድርጎ አስቀምጧል። ማን አየለት? «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደጎበዘ ይስማ። «ብሎኩን ቀስ ብለህ ስላስቀመጥከው ደስ ብሎኛል።» «ማማው ሲፈርስብህ ሳትወረውር እንደገና ጀመርክ፣ ጎበዝ!» «እጅህ ዛሬ እንዴት ለስላሳ ነው።» የምትጠዪው ነገር ተቃራኒው ምንድን ነው? እሱን ፈልገሽ ስሙን ጥሪለት። ለሚማታ ልጅ የገርነት ምስጋና፣ ለሚሰብር ልጅ የጥንቃቄ ምስጋና።

ቴራፒስትሽ ስለ ሦስት አሥሮች ነግራሽ ይሆናል። ወላጅ ከመጀመሪያው ደረጃ ለማለፍ በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 እንዲህ ያለ ምስጋና ማቅረብ፣ ልጁ ያለውን 10 ጊዜ መልሶ ማስተጋባት፣ የሚሠራውን 10 ጊዜ በቃል መግለጽ አለበት። ጥያቄ፣ ትእዛዝና ነቀፌታ ደግሞ ተደምረው ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ከባድ ነው። ሞክረሽዋል፣ ታውቂዋለሽ። አንድ «ምን እየሠራህ ነው?» ሳይሉ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ምላስ ያሳክካል።

ባለቤትሽ የሚቸኩለው ለዚህ ይመስለኛል። ጨዋታ ብቻ ሲያይ ሕክምናው የት አለ ይላል። ንገሪው፤ የሚጠብቀው ነገር ይመጣል። በሁለተኛው ደረጃ ትእዛዝ እንዴት እንደሚሰጥ ትማራላችሁ። «ትንሽ ብትረጋጋ ምን አለ?» ትእዛዝ አይደለም። «ብሎኩን ሳጥኑ ውስጥ አስገባው» ትእዛዝ ነው። 5 ሰከንድ ይጠበቃል። ከታዘዘ ይመሰገናል። ካልታዘዘ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ለብቻው የሚቀመጥበት ወንበር፤ ታይም አውት የሚባለው። ወንበሩ ላይ 3 ደቂቃ፣ መጨረሻው ላይም 5 ሰከንድ ጸጥታ። ሲነሳ ያቺው የመጀመሪያዋ ትእዛዝ ትጠብቀዋለች። ይህንን ከቻለ በኋላ ደግሞ የቤት ሕግ ይወጣል። መምታት ሕግ ከሆነ፣ ለመምታት ማስጠንቀቂያ የለም፤ በቀጥታ ወንበር ነው።

ግን ይህን ከኔ ዓምድ አንብባችሁ ነገ ቤት እንዳትጀምሩት። አደራ። ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ያለን ልጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከወንበር ሲያመልጥ ምን እንደሚደረግ፣ ቴራፒስቷ ጆሮሽ ውስጥ ሆና ማሠልጠን አለባት። ሳይሠለጥኑ ሲጀምሩት ወንበሩ የትግል ሜዳ ይሆናል፣ ሰውም ይጎዳል። ሌላም ምክንያት አለ። ታይም አውት ማለት ከሞቀ ነገር መውጣት ነው። ካንቺ ጋር መሆን ካልጣፈጠው ወንበሩ ምን ይወስድበታል? ምንም። ባለቤትሽ «እያባለገው ነው» ያለው አምስት ደቂቃ በኋላ ወንበሩን ጉልበት የሚሰጠው ነገር ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ክፉ አስበው አይደለም። ያደጉበትን ነው የነገሩሽ። ግን «ሰው አይመታም» የሚለውን ትምህርት በጥፊ ማስተማር እንዴት እንደሚሆን እስካሁን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) 75 ጥናቶችን፣ ከ160,000 በላይ ልጆችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። መመታት ልጆችን የበለጠ ታዛዥ አድርጎ አልተገኘም፤ ይልቁንም ከበለጠ ጠበኝነት ጋር ተያይዞ ነው የተገኘው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ወላጆች ጨርሶ እንዳይመቱ መክሯል።

አንቺ ማክሰኞ መታሽው። ሆነ። «ተናድጄ መታሁህ፤ ልክ አልነበርኩም። እኔም እጄን እይዛለሁ» ብለሽ ንገሪውና እለፊው። ሌላ ጊዜ እጅሽ ሲነሳ ከተሰማሽ ሕፃኗን ይዘሽ ከአጠገቡ ራቂ፣ እሱ አደጋ የሌለበት ቦታ መሆኑን አረጋግጠሽ ለአንድ ደቂቃ ተንፍሺ።

አሁን የምነግርሽ ደስ አይልም። ጩኸቱን ችላ ማለት ስትጀምሪ መጀመሪያ ይብሳል። ስልክ ደውለሽ የማያነሳልሽ ሰው ሲሆን ወዲያው ትተያለሽ? ደግመሽ፣ ደጋግመሽ ትደውያለሽ እንጂ። ልጁም ጩኸቱ «ካልተነሳለት» ከፍ አድርጎ ይደውላል። አሥረኛው ጩኸት ላይ ከተሸነፍሽ የተማረው አሥር ጊዜ መጮህን ነው። ስለዚህ ችላ ማለት ከጀመርሽ እስከ መጨረሻው፤ የማትጨርሺው ከመሰለሽ አለመጀመር ይሻላል። ጩኸቱ ወደ መምታት ካደገ ግን እንደገና ያው ሕግ ነው፤ ዝምታው እዚያ ላይ ያበቃል፣ እጅሽ ይሠራል።

የሚቀጥለውን ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ቢላ ካነሳ፣ በእሳት ከተጫወተ፣ እህቱን አንገቷን ካነቀ ወይም ፊቷን ካፈነ፣ እያመለጠ ወደ መኪና መንገድ ከሮጠ፣ ጭንቅላቱን እስኪቆስል ከግድግዳ ጋር ካጋጨ፣ በዚያው ቀን ደውዪ። የተጎዳ ሰው ካለ ወይም አደጋው ያላለፈ ከሆነ ከቴራፒስቷ በፊት ወደ ድንገተኛ ሕክምና። ስለታም ነገር፣ መድኃኒትና ክብሪት ከዛሬ ጀምሮ የተቆለፈ ቦታ ይግቡ። ልጁን እየመከሩ ቢላውን ጠረጴዛ ላይ መተው አያዋጣም። እንዲሁም በደንብ ይተኛል? ጆሮው ይሰማል? ሐሳቡን በቃል መግለጽ ይችላል? ቤት ውስጥ ያየው ጠብ አለ? ቃል ያጠረው ልጅ በጥርሱ ይናገራል፤ እነዚህን ለቴራፒስቷ ሳትጠየቂ ንገሪያት።

መጨረሻ ያስቀመጥሽውን እኔም መጨረሻ አስቀመጥኩት። መጠይቁን።

ያ ቅጽ 36 ጥያቄ ያለው፣ እያንዳንዱን ከ1 እስከ 7 የምታከብቢበት ከሆነ፣ አይበርግ ራሷ ያዘጋጀችው ነው። የእናትነት ፈተና ውጤት አይደለም። ቴራፒስትሽ መንገዱን የምታይበት መብራት ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ድምሩ 114 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይጠበቃል፤ ወደዚያ እየወረደ መሆኑን የምታየው ከዚያው ወረቀት ነው። አንቺ መብራቱን አደብዝዘሽባታል። ስለ መምታትና መደባደብ የሚጠይቁትን ዝቅ አድርገሽ ካከበብሽ «ሲመታ፣ ሲነክስ ምን ታደርጊያለሽ» የሚለውን ለማስተማር ለምን ትቸኩላለች? በሷ ወረቀት ላይ ልጅሽ የሚነጫነጭ ልጅ ነው። ለሚነጫነጭ ልጅ ደግሞ «ዝም በዪው» ጥሩ ምክር ነው።

አፈርሽ። ይገባኛል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ የምታየው የሚናከሱ፣ የሚሰብሩ፣ የሚወረውሩ ልጆችን ነው። ያንቺ ልጅ አዲስ አይሆንባትም።

ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ደውዪላት። «ባለፉት ሳምንታት የሞላሁት ልክ አልነበረም፤ እንደ ገና ልሙላው» በያት። ከዚያ የማክሰኞውን ንገሪያት፣ ብሎኩንም፣ ንክሻውንም፣ ጥፊውንም።